እናት በግ እንዴት ትዳኛለች? የመንዝ በግ እንደ ምሳሌ

[ምስል፦ በገመድ በተከለለ ሜዳ ላይ የመንዝ እናት በጎች ከባለቤቶቻቸው ጋር ተሰልፈው ይታያሉ።]

በእንስሳት አውደ ርዕይ ላይ የተመልካቹ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በሰባችው በግ ላይ ነው። በሙክት ውድድር ይህ ፍርድ ብዙም አያሳስትም። ለእርባታ በምትቀርብ እናት በግ ላይ ግን ያሳስታል፤ ግልገል ያላጠባች በግ የበላችውን ሁሉ ለራሷ ስለምታውለው፣ ከተሰለፉት መካከል እጅግ የሰባችው ዓመቱን ሙሉ ሳትወልድ የከረመችው ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ዳኛው ከሩቅ ካየው ይልቅ በእጁ የዳሰሰውንና ከባለቤቱ ጠይቆ የተረዳውን ሊያስቀድም ይገባል።

በጎቹ የሚወዳደሩት ከእኩዮቻቸው ጋር ነው፤ ገና ያልወለዱት ቄቦች ለብቻ፣ ደጋግመው የወለዱት ደግሞ ለብቻ ይቀርባሉ። ዕድሜያቸውን የሚያረጋግጠው ጥርሳቸው ነው።

[ምስል፦ ዳኛው የበጓን የታች ከንፈር በአውራ ጣቱ ዝቅ አድርጎ ይመለከታል።]

በግ የፊት ጥርስ ያላት በታችኛው መንጋጋዋ ብቻ ሲሆን በላይኛው በኩል ያለው ጠንካራ ድድ ነው። ስምንቱ የወተት ጥርሶች ከመሐል ጀምረው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በትላልቅ ጥርሶች ይተካሉ። የመጀመሪያው ጥንድ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ገደማ አንድ ጥንድ እየተጨመረ በአራት ዓመት ግድም ስምንቱም ይሞላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው መሳሳት፣ መሸረፍና መውለቅ ነው። የመንዝ በግ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አጭር የደጋ ሳር እየነጨች የምትኖር በመሆኗ፣ ጥርሷ የወላለቀ እናት በግ በበጋው ወራት ራሷንም ግልገሏንም መመገብ ያቅታታል። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ድድ አልፎ ከወጣ ወይም ወደ ኋላ ከቀረ ግን ጉድለቱ ወደ ልጆቿ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም እኔ እንዲህ ያለችውን በግ ከሽልማት ተራ አስወጣታለሁ።

ከአፍ ቀጥሎ የሚዳሰሰው ወገብ ነው። ባለቤቶች ለውድድር ሲዘጋጁ በጋቸውን አጥበው ጸጉሯን ስለሚያስተካክሉ፣ ቀድሞ በርኖስና ባና ይሠራበት የነበረው የመንዝ በግ ሻካራ ጸጉር የጎደጎደን ጀርባ ቀጥ ያለ አስመስሎ ያሳያል። ዳኛው መዳፉን ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ባለው ወገብ ላይ ያሳርፍና የአከርካሪውን ጫፍና ወደ ጎን የወጡትን አጥንቶች በጣቶቹ ይጫናል። የበጓን የሥጋና የስብ ይዞታ የሚያሳየው ነጥብ ከ1 እስከ 5 ነው፤ አጥንቱ እንደ ስለት ከተሰማውና ጣቶቹ ከጎን አጥንቶች ሥር ያለችግር ከገቡ 1፣ ተጭኖም አጥንት ካላገኘ 5 ይሰጣል። ለጥቂ፣ ማለትም ከአውራ በግ ጋር ለመገናኘት፣ የተዘጋጀች እናት በግ 3 አካባቢ ብትሆን መልካም ነው።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር መመሪያ በቀጥታ ሊወሰድ የማይገባው ነገር ላት ነው። ላታም በግ የስቧን ብዙ ክፍል የምታከማቸው በላቷ ውስጥ በመሆኑ፣ በወገብ ብቻ የተለካች የመንዝ በግ ከእውነተኛ ይዞታዋ በታች ነጥብ ልታገኝ ትችላለች። ዳኛው ላቱንም በእጁ መያዝ አለበት፤ ሆኖም ትልቅ ላት ሁሉ ለእናት በግ ጥሩ አይደለም። ከመጠን በላይ የከበደ ላት አውራውን በጥቂ ጊዜ ስለሚያስቸግረው፣ ገበያተኛው የሚያደንቀው ላት ለአርቢው እንቅፋት ይሆንበታል።

[ምስል፦ በጓ ቆማ፣ የዳኛው ሁለት እጆች ጡቷን ግራና ቀኝ ሲዳስሱ በቅርበት ይታያል።]

ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚታለፈው ጡት ነው። ሁለቱ ወገኖች እኩል፣ ለስላሳና ያልተቋጠሩ መሆን አለባቸው። ጠጣር እብጠት የጡት በሽታ ትቶት የሄደ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ወገን የደረቀባት በግም መንታ ብትወልድ ግልገሎቿን ለማሳደግ ትቸገራለች። የጡቱ ጫፍ ከመጠን በላይ ከወፈረም አዲስ የተወለደ ግልገል በአፉ ሊይዘው አይችልም። ሸሆናና አረማመድ የሚታዩት በጓ በጠንካራ መሬት ላይ ስትራመድ ነው፤ የምታነክስ በግ ከመንጋው ጋር ውላ አትገባም።

ከዚያ ዳኛው ወደ ባለቤቱ ዞሮ ይጠይቃል።

«አባባ፣ ይህች በግ ስንት ወለደች?»

«አራት።»

«ስንቱ ጡት ጣሉ?»

«አራቱም፤ አንዱንም አልጣለችብኝም።»

ይህ አጭር ምልልስ ከቁመናዋ የበለጠ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሲጀመር፣ ተመራማሪዎች አርቢዎቹን ከየመንጋቸው አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚሏቸውን እናት በጎች እንዲሁም ደካማዋን እንዲያቀርቡ ጠይቀው ምክንያታቸውን መዝግበዋል። ከእያንዳንዷ ምርጫ ጀርባ የአንዲት በግ የወሊድ ታሪክ ነበረ። በቦንጋ በግ መንታ መውለድ የተለመደ ሲሆን በመንዝ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መንዝ ላይ በጎችን የሚያበላልጠው በሁለት ወሊድ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ እርግዝናው አምስት ወር ያህል በመሆኑ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ የምትወልድ በግ በዓመት አንድ ጊዜ ከምትወልደው ትበልጣለች።

በመጨረሻ ዳኛው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ደረጃውን ከነምክንያቱ ይናገራል። «አንደኛዋን ከሁለተኛዋ ያስበለጥኋት ጡቷ የተስተካከለ ስለሆነና አራት ግልገሎች ጡት ስላስጣለች ነው፤ ሁለተኛዋ ግን በቁመትና በወገብ ርዝመት እንደምትበልጣት አልክድም» ሲል፣ የተሸነፈው አርቢ በጉ በምን እንደተበለጠችበትና በምን እንደበለጠች ሁለቱንም ሰምቶ ይሄዳል። ምክንያቱ ሳይነገር ዋንጫ ብቻ የሚሰጥበት ውድድር ለአርቢ ብዙም አይጠቅመውም፤ በሚቀጥለው ዓመት የትኛዋን ቄብ ለእርባታ እንደሚያስቀርና የትኛዋን ለገበያ እንደሚያወጣ የሚወስነው በዚያ ምክንያት ላይ ተመርኩዞ ነውና።