ትዝታ ብቻ የሚለጥፍ ፔጅ

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ? እዚህ ድሬ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ፋኑን ያጠፋሁት ለእናንተ ስል ነው፤ ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ላብ በላብ ሆኜ እንደማወራ እወቁልኝ። የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ ግን እሱን ማጥፋት አልችልም፣ መንገዱ መስኮቴ ሥር ነው።

ዛሬ የማወራው ሰሞኑን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነገር ነው። "ፔጅ ከፍቻለሁ፣ እንዴት ላሳድገው?" ትሉኛላችሁ። ብዙዎቻችሁ የድሬና የሐረር ልጆች ናችሁ፤ ስለ ከተማችሁ መጻፍ ትፈልጋላችሁ። እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም፤ ብሎግ አለኝ፣ የፌስቡክ ፔጅ አለኝ፣ የቴሌግራም ቻናል አለኝ፤ ያየሁትን ላውራችሁ።

ድሬ ላይ ተከታይ ማብዛት ቀላል ነው። ወላሂ ቀላል ነው። የድሮውን ባቡር ፎቶ ፈልጉ፤ ጥቁርና ነጭ ቢሆን ይመረጣል። ከላዩ "ድሬ ድሮ" ብላችሁ ጻፉበት። አለቀ። ማን እንዳነሳው፣ መቼ እንደተነሳ፣ የትኛው ጣቢያ እንደሆነ የሚጠይቃችሁ የለም። አንዳንዴ ፎቶው ጭራሽ ድሬም አይደለም፣ የአዲስ አበባው ለገሃር ነው። ላይኩ ግን ይዘንባል። ከጅዳ፣ ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ "አቦ ድሬ!"፣ "ልጅነቴ ትዝ አለኝ"፣ "ያ ጊዜ ላይመለስ ሄደ" ይላችኋል። ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር የተነሳ የሰርግ ፎቶ ካገኛችሁማ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ አያስፈልጋችሁም።

ትዝታን ጠልቼ አይደለም። ድሬን ያለ ባቡር ማውራት አይቻልም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፤ ዳገቱ አስቸገረና ታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ይህች ከተማ ተቆረቆረች። መጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። እንግዲህ ይሄን ታሪክ ዘርዘር አድርጌ ስጽፈው ስንት ሰው አነበበው መሰላችሁ? ፎቶውን ላይክ ካደረገው ሰው ሩቡም አይሞላም። ፎቶውን ወዶ ያልፋል፤ ጽሑፉ ይረዝምበታል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በትዝታ የመጣ ተከታይ ልቡ ያለው በሌላ ዓመተ ምሕረት ነው። ዛሬ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ስንት እንደገባ፣ ሳቢያን ሰፈር ውሃ ከጠፋ ስንት ቀን እንደሆነው ስትጽፉ አያያችሁም። ካያችሁም ይቆጣል። "ድሬን ለምን ታሰድቢያለሽ? ድሬ እኮ የፍቅር ከተማ ናት!" ይላል። ናት፤ ማን አልሆነችም አለ? ግን ይህን ኮሜንት የሚጽፍልኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ውሃ በማይጠፋበት አገር ነው። እዚህ ያለው ጎረቤቴ ግን በዚያው ቀን መንገድ ላይ አስቁሞኝ "የእኛንም ሰፈር ጨምሪበት እንጂ" ብሎኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ለማን እንደምትጽፉ ለራሳችሁ ንገሩት። ለሁለቱም እጽፋለሁ ካላችሁ ይቻላል፤ ግን አንዱ ሲያኮርፍ አትደንግጡ።

በነገራችን ላይ፣ ስለ ሰዓት። የውጭዎቹ መምህራን ጠዋት ፖስት አድርጉ ይላሉ። ድሬ ላይ ጠዋት ማን ስልክ ያያል? ሰው ጉዳዩን ከሙቀቱ በፊት ሊጨርስ ይሮጣል። የእኛ ሰዓት በርጫ ነው፣ የጫት ሰዓት። ከምሳ በኋላ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ፣ ጋደም ተብሎ፣ ትራሱን ተደግፎ፣ ስልኩ በእጅ። ረጅም ጽሑፍ የሚነበበው ያኔ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛ ጋ በርጫው ሲሞቅ ዋሽንግተን ገና ማለዳ ነው፤ ዲያስፖራውም ቡናውን ይዞ ስልኩን ይከፍታል። ሁለቱን ባንድ ድንጋይ። ደግሞ የምርቃና ኮሜንት የሚባል ነገር አለ፤ ርዝመቱ ከጽሑፌ ይበልጣል፤ "እኔ መጽሐፍ አሳትምልሻለሁ" ያለኝ ሰው ሁሉ ማታ ይረሳዋል። አብሽሩ፣ አልቀየምም።

እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የጻፍኩትን ልንገራችሁ።

ክረምት በገባ ቁጥር የጎርፉ ፎቶዎች ይዘዋወራሉ። ዓመቱ አይጻፍም፣ ቦታው አይጻፍም፤ አንዳንዱ የሌላ አገር ጎርፍ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ተሰብስቦ በደቻቱ ወረደ። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በዚያች ለሊት ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ይህን ሁሉ ጻፍኩና ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፤ ብሎጉም ላይ አስቀመጥኩት። ፌስቡክ ላይ ሁለት ቀን ሰው ተቀባበለው፣ አለቀሰበት፣ ከዚያ ወደ ታች ሰመጠ። አሁን እኔ ራሴ ፈልጌ ለማግኘት እቸገራለሁ። ብሎጉ ላይ ያለው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ይነሳል። ተማሪ ለጥናት ይፈልገዋል፣ ጋዜጠኛ ይፈልገዋል፣ በዚያች ለሊት ሰው የሞተበትም ይፈልገዋል።

አንድ ቀን ገንደ ቆሬ አካባቢ ሱቅ ገብቼ የሞባይል ካርድ ስገዛ፣ ባለሱቁ፣ ጠና ያሉ ሰውዬ ናቸው፣ ትክ ብለው አዩኝና "አንቺ ነሽ ስለ ጎርፉ የጻፍሽው?" አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። "ልጄ፣ አንቺ የጻፍሽው የወንዙን ዳር ነው። እኛ ቤት ግን በጓሮ ነው የገባው፤ አጥሩን ጥሶ። በሩን ይዘን ስንገፋ ከኋላችን መጣ።" ከዚያ ስለ እናታቸው የልብስ ስፌት መኪና አጫወቱኝ። ሲንጀር፣ በእግር የሚረገጠው። ውሃው ከነጠረጴዛው ወስዶት፣ በኋላ አሸዋ ሲዛቅ መርገጫው ብቻ ተገኘ። ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ አልጠፋም ነበር አሉኝ፤ በጣታቸው ባንኮኒው ላይ ፊደሎቹን እየጻፉ አሳዩኝ። "ይሄን ጨምሪበት" አሉ። ካርዱን ሰጡኝ፣ መልሱንም ሰጡኝ፣ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ።

ማታውኑ ጨመርኩት። ስማቸውን አልጻፍኩም፣ አልፈለጉም። እኔ ብሎግ ያዙ፣ ያዙ የምላችሁ ለዚህ ነው። ፌስቡክ ላይ የድሮ ጽሑፍ ማረም ይቻላል፤ ግን ማን ተመልሶ ያየዋል? ብሎግ ላይ ጽሑፉ ባለበት ቆሞ ያድጋል። ያ የደቻቱ ጽሑፍ አሁን መጀመሪያ ከነበረው በእጥፍ ይረዝማል፤ የጨመሩት አንባቢዎች ናቸው።

ሌላም ምክንያት አለ። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ትዝ ይላችኋል? እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን፣ ያለ ገደብ ማለፊያው መተግበሪያ፣ አይሠሩም ነበር። ሥራችሁ በሙሉ እዚያ ውስጥ ከሆነ እናንተም አብራችሁ ትዘጋላችሁ። የእኔ ብሎግ እንደወትሮው ይከፈት ነበር፤ የሚያነበው ጥቂት ሰው ቢሆንም ይከፈት ነበር።

ብሎግ ስትጽፉ ስለ ፍለጋ አስቡ። ሰው ጎግል ላይ ሲጽፍ አንዱ ሐረር በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ነው። አንዱ ድሬዳዋን ያጣብቃል፣ ሌላው ይለያያል። እኔ ርዕሱ ላይ አንዱን፣ ውስጡ ላይ ሌላውን እጠቀማለሁ። የአማርኛ አስተማሪዬ ይህን አይተው ደውለው ተቆጥተውኛል፤ ልክ ናቸው፣ ግን አንባቢው ካላገኘኝ ለማን ነው የማስተካክለው? ደግሞ እናንተ ጋ በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ካለ፣ የዕድር፣ የትምህርት ቤት፣ የክለብ መጽሔት፣ እባካችሁ ወደ ዩኒኮድ፣ ሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ወደሚያነበው የፊደል አሠራር፣ አስቀይሩት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከ ዛሬ ግን የከተማችን ስንት ወሬ ኮምፒውተር ውስጥ ተቆልፎ አለ፤ ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉት የፈረንጅ ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ክምር ይሆናል።

ስለ ገንዘብም ትጠይቁኛላችሁ። በአጭሩ ልመልስ። ቴሌግራም ከመጋቢት 2016 ጀምሮ ከ1000 በላይ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች የማስታወቂያውን ገቢ ግማሽ ያካፍላል፤ የሚከፍለው ግን በቶን ነው፣ በዲጂታል ገንዘብ። ይህን ለአባቴ ላስረዳ ሞክሬ "ቶን ምን? ስሚንቶ?" አሉኝ። እውነተኛው ብር የሚመጣው ከሰፈር ነው፤ ከፎቶ ቤት፣ ከሰርግ አዳራሽ፣ ከቤት ደላላ። አንድ ካፌ ደግሞ ፈጢራ፣ በማር የሚበላውን ቂጣ፣ ጋብዞኝ "ዝም ብለሽ እንደራስሽ ወሬ አድርገሽ ጻፊው" ብሎኛል። ፈጢራው ጥሩ ነበር፤ ማሩ አልተቆጠበም። ግን ማስታወቂያ ከሆነ ከላዩ "ማስታወቂያ" ብዬ ነው የምጽፈው። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ሰው ሄዶ ካልጣመው ከዚራ መሃል አስቁሞ ይጠይቀኛል። ቲክቶክ ላይቭ ገብታችሁ ጊፍት የምትሰበስቡትን አላውቅበትም፤ ለዚያ ሌላ ሰው ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ለድሬ ልጆች ልበል። ሳፋሪኮም ኔትወርኩን አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የሞከረው እዚሁ ነው፤ ነሐሴ 2014። ያን ሰሞን በዜሮ ሰባት የሚጀምር ቁጥር ያልያዘ ጎረምሳ አልነበረም። ዳታ በእጃቸው የያዙ ብዙ ልጆች ገቡ። ታዲያ እነዚህ ልጆች ባቡሩ ሲያፏጭ አልሰሙም። የድሮውን ጣቢያ የሚያውቁት እንደ ዝግ ግቢ ነው፤ የአሁኑ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። "ያ ጊዜ ላይመለስ ሄደ" ስትሉ ምን እንደሄደ አያውቁም። ለእነሱ ከሐረር ድሬ የሚመላለሰው ሚኒባስ፣ ታይዋን ገበያ የሚጠገነው ስልክ፣ አሸዋ ገበያ የሚሸጠው ልብስ ነው ድሬ። ስለ እሱ ማን እየጻፈ ነው? ዛሬ በየስልኩ ፎቶ ይነሳል፣ ቀን የሚጽፍበት ግን የለም። ከሃያ ዓመት በኋላ "ድሬ ድሮ" ብሎ የሚለጥፈው ሰው ደግሞ ዓመቱን አያውቀውም።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሬ ቀፊራን ልጽፍ ነው፤ የዛሬውን ቀፊራ። የትኛው በር በኩል ምን እንደሚሸጥ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ። ፎቶ ያላችሁ ላኩልኝ። ስትልኩ ግን አደራ፣ ቀኑን ጻፉበት፤ የሰዎች ፊት የሚታይ ከሆነ ደግሞ አስፈቅዳችሁ አንሱ። እናቶች ዕቃቸውን ሲሸጡ ሳያውቁ መነሳት አይወዱም፤ ቲማቲም ይወረውሩባችኋል፤ ሲወረወር አይቻለሁ። ለቴሌግራሙ በፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል። በሉ፣ ፋኑን ላብራው። ደህና ሁኑ።