ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት

ለኮንሰርት አዘጋጆች፣ ለድምፅ ባለሙያዎችና ለአዳራሽ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ታዳሚው እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ፕሮሞተርም አይደለሁም። ቲኬት የምገዛ፣ የምሰለፍ፣ የምፈተሽ፣ ከኋላ ቆሜ የማጨበጭብ ሰው ነኝ። እናንተ አብዛኛውን ጊዜ መድረኩ አካባቢ ስለምትሆኑ፣ እኛ የቆምንበት ቦታ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

በአዲስ አበባ የኮንሰርት ታዳሚን ምሽት ከምንም በላይ የሚያበላሸው ሰዓት ነው። ዘፋኞቻችን አያሳፍሩንም። ባንዶቻችንም ጎበዞች ናቸው። ሰዓቱ ግን ጉድ ነው።

ቲኬቱ ላይ "ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ" ይላል። በሩ የሚከፈትበት ነው? ዲጄው የሚጀምርበት? ወይስ ዘፋኙ የሚወጣበት? ማንም አያውቅም። ስለዚህ ታዳሚው የራሱን ሂሳብ ይሠራል። "11 ካሉ 2 ሰዓት ነው፤ ዋናው ዘፋኝ ደግሞ ከ5 ሰዓት በፊት አይወጣም" ብሎ፣ እራቱን በልቶ ቀስ ብሎ ይመጣል። አዘጋጁ ደግሞ አዳራሹን ያይና ባዶ ይሆንበታል። "ሰው ይሙላ እንጂ!" ይላል። ሰው ስለዘገየ መድረኩ ይዘገያል፤ መድረኩ እንደሚዘገይ ስለሚታወቅ ሰው ይዘገያል። በዚህ መሃል የሚቀጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ በሰዓቱ የመጣው።

በሰዓቱ የሚመጣው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እናቱን ይዞ የመጣ ልጅ ነው። ቤት ሕፃን ትታ የወጣች ሴት ናት። ከአዳማ መኪና ነድቶ የመጣ፣ ማታውኑ የሚመለስ ሰው ነው። ማለትም ለመምጣት ብዙ የደከመው። ማሕሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ አድናቂዎቹን ተሰናብቷል። ስልሳ ዓመት ገደማ የዘፈነ ሰው ነው። በወጣትነቱ የሰሙት ዛሬ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ አስቡ። እንዲህ ያለ ታዳሚ አራት ሰዓት ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም። ጉልበቱ አይፈቅድለትም።

"ምን ታደርገዋለህ፣ ባህላችን ነው" የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም። ስታዲየም ጨዋታው 10 ሰዓት ነው ከተባለ፣ ፊሽካው የሚነፋው 10 ሰዓት ላይ ነው። ያው እኛው ነን ቀድመን ገብተን የምንቀመጠው። ሚሊኒየም አዳራሽም ያለው ቦሌ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ነው። አዳራሹ ሦስት ሰዓት አርፍዶ የሚገባው ሰው፣ ኤርፖርቱ ሲሆን ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይገኛል። ሰውየው አልተለወጠም። አውሮፕላኑ ጥሎት እንደሚሄድ ያውቃል፤ እናንተ ደግሞ እንደምትጠብቁት ያውቃል።

በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ነበር። ክፉ ጊዜ ነው፤ ማንም አይናፍቀውም። ከእላፊው በፊት ቤቱ መድረስ የማይችል፣ በሩ ተዘግቶበት እዚያው ሆቴሉ ውስጥ እየጨፈረ ያነጋ ነበር። ዋልያስ ባንድ በሂልተን የተጫወተው በዚያ ዘመን ነው። ያኔ ግን ታዳሚው ከቤቱ ሲወጣ ምሽቱ እንዴት እንደሚያልቅ ያውቃል። ወይ በጊዜ ይገባል፣ ወይ ያድራል። ዛሬ እላፊ የለም፤ ስንት ሰዓት እንደምንመለስ ግን ለቤተሰብ መናገር አንችልም።

ወደ ድምፁ ልሂድ። እዚህ ላይ የድምፅ ባለሙያዎች እንዳትቀየሙኝ።

ብሔራዊ ቴአትር በጣሊያን ጊዜ ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ የተጀመረ ሕንፃ ነው። በ1948 ዓ.ም. በንጉሡ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል ተመረቀ። አዳራሹ ተቀምጦ ለማየትና ለመስማት የተሠራ ነው። ሚሊኒየም አዳራሽ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ለአዲሱ ሺህ ዓመት በዓል የተከፈተ ነው። ቢዮንሴም በዚያው ዓመት ዘፍናበታለች። ሰፊ ነው፤ ለባዛርም፣ ለስብሰባም፣ ለኮንሰርትም ይሆናል። ስፋቱ ግን ለድምፅ ፈተና ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይነት መንገድ ማስተካከል አይቻልም።

ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረኩ 70 ሜትር ርቄ ከቆምኩ ከበሮው የሚደርሰኝ 0.2 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ጭብጨባችንን ይዛችሁ ፈትሹት። ችክችካው ሲሞቅ እኛ ከኋላ፣ እነሱ ከፊት እናጨበጭባለን፤ አንገጥምም። ጥፋቱ የእኛ አይደለም፤ እኛ ከምንሰማው ከበሮ ጋር ልክ ነን። አዳራሹ መሃል ላይ ተጨማሪ ስፒከር ሰቅላችሁ ድምፁን በዚያው ልክ ካላዘገያችሁት ደግሞ ባሰ፤ ሁለት ከበሮ እንሰማለን።

ሌላም አለ። ሳውንድ ቼክ፣ ማለትም ከኮንሰርቱ በፊት ያለው የድምፅ ሙከራ፣ የሚደረገው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰው ሲገባ ልብሱና ሰውነቱ ድምፁን ይውጠዋል፤ በተለይ ቀጭን ቀጭኑን። ቀን ጥርት ብሎ የተሰማው ማሲንቆ ማታ ይጠፋል። ያኔ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ ሁሉንም ነገር ከፍ ማድረግ ነው። ቤዙ ደረታችንን ይመታዋል፤ ማሲንቆው እንደጠፋ ይቀራል። የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ድምፁ የሚስተካከልበት ሚክሰር ላይ ያለው ሰው ሁለተኛው ዘፈን ላይ ለረዳቱ ይስጥና እስከ መጨረሻው ግድግዳ ድረስ ይራመድ። እኛ እዚያ ነን፤ ሰላም ይበለን።

ቪአይፒውን ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ። ግን ከፊት ጠረጴዛ ተደርድሮ፣ ጠርሙስ ተከፍቶ፣ ሰዎች ስለ ቢዝነስ ሲያወሩ እያየሁ እንዴት ልለፈው? የከፈለ የፈለገውን ያድርግ። ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲዘረጋ ግን ግጥሙን በቃሉ የሚመልስለት መደበኛ ቲኬት የገዛው ነው፤ እሱ ደግሞ በአጥር ተለይቶ ሩቅ ቆሟል። አዝማሪ ቤት እንዲህ አልነበረም። ካዛንቺስ ሲፈርስ ከቦታው የተነሳውን ፈንድቃን አስታውሱ። አዝማሪው አጠገባችሁ ነው። ታዳሚው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይወረውርለታል፤ እሱም ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልሰዋል። ከዚያ ወጥተን ነው ትልቁ አዳራሽ የገባነው። ቢያንስ ከመድረኩ ሥር አንድ ጥግ ለቆሞ ጨፋሪው ተዉለት። ዘፋኞቹ ራሳቸው ደስ ይላቸዋል።

ስልክ አንስተው ስለሚቀርጹ ሰዎች ግን አላማርርም። ሁሉም ሰው ይወቅሳቸዋል። ከእነዚያ ስልኮች አንዳንዱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ እህት ወይም ጓደኛ በቀጥታ የሚያሳይ ነው። ያቺም ታዳሚ ናት፤ ቲኬት አልገዛችም እንጂ።

ስለ መጸዳጃ ቤቱ ምንም አልልም። ታውቁታላችሁ። በዊልቸር ለሚመጣ ሰው መግቢያው የት እንደሆነ ግን ፖስተሩ ላይ ጻፉለት፤ በር ላይ ደርሶ ጠባቂ ከሚለምን።

መመለሻውስ? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከአዳራሽ ስንወጣ ሚኒባስ የለም። በስልክ የምንጠራው መኪና ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ሴቶች እህቶቻችን ሦስትና አራት ሆነው አንድ መኪና ይፈልጋሉ፤ የአንዷ ሰፈር ሰሚት፣ የሌላዋ አየር ጤና ነው። ብዙዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ዋናው ዘፋኝ ከመውጣቱ በፊት ተነስተው ይሄዳሉ። የከፈሉለትን ሰው ሳያዩት።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ቲኬቱ ላይ አራት የተለያዩ ሰዓቶች ጻፉ፦ በር የሚከፈትበት፣ የመጀመሪያው ዘፋኝ የሚወጣበት፣ ዋናው ዘፋኝ የሚወጣበት፣ የሚያልቅበት። ከዚያ ግማሽ አዳራሽ ባዶ ቢሆንም ጀምሩ። የመጀመሪያው ጊዜ ያማል፣ አውቃለሁ። ባዶው ወንበር በካሜራ ይገባል፤ ስፖንሰሩ ያኮርፋል። አርፍዶ የመጣውም "እንዴት ሳልመጣ ትጀምራላችሁ?" ብሎ በር ላይ ይጨቃጨቃል። ይጨቃጨቅ። ማግስቱን ለጓደኞቹ የሚያወራው እሱ ነው፤ ለእናንተ ከፖስተር የበለጠ ማስታወቂያ ነው። ሌላም ዘዴ አለ፦ የምሽቱን ምርጥ ወጣት ድምፃዊ መጀመሪያ አውጡት። መጀመሪያ የሚወጣው ሁልጊዜ ማንም የማያውቀው ልጅ ከሆነ፣ ለማን ብለን እንቸኩል?

አንድ አዘጋጅ ብቻ ይጀምረው። የምሽቱ 1 ሰዓት ካላችሁ፣ እኔ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ነኝ። እናቴንም ይዤ እመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።