የኛ ሙቀት ደረቅ ሙቀት ነው

ኮምቦልቻ ላይ ለግቢ አትክልት ወዳጆች የተዘጋጀ ንግግር

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ዋላችሁ።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ሰኔ ገብቷል። ከአሁን ጀምሮ መንገድ ዳር ያለው የችግኝ ገበያ ይደራል። እኔም ችግኝ አፍልቼ የምተዳደር ሰው ነኝ። ዛሬ ግን የመጣሁት ለመሸጥ አይደለም። ችግኝ ስትገዙ ልትጠይቁት ስለሚገባ አንድ ጥያቄ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ጥያቄው «ይሄ ተክል በጋውን ይችላል ወይ?» የሚል ነው።

አብዛኛው ገዢ ይህን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የአበባውን ቀለም ነው። ሻጩም «የሞቃት አገር አበባ ነው፣ እዚህ ይሆናል» ይለዋል። እውነት ነው፣ ኮምቦልቻ ሞቃት ናት። ከሚሴ፣ ባቲ፣ ቆቦ ከዚህም ይሞቃሉ። ግን ሙቀት ሁሉ አንድ አይደለም። ቴፒም ሞቃት ነው። እዚያ ግን ዝናቡ አመቱን ሙሉ ለማለት በሚቻል መልኩ ይመላለሳል፣ አየሩም እርጥብ ነው። አንቱሪየም፣ ሄሊኮኒያ፣ እነዚያ ሰፋፊ አብረቅራቂ ቅጠል ያላቸው አበቦች ሁሉ የመጡት ከእንደዚያ አይነት አገር ነው። ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ጥላና እርጥበት ለምደው ያደጉ ናቸው።

የኛ ሙቀት ደረቅ ሙቀት ነው። ወፍራሙ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይመጣል፤ እሱም አንዳንዴ ይቀራል፣ ወሎ ውስጥ ይህን የሚያስተምረን ሰው አያስፈልገንም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይከርማል። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። የቧንቧ ውሃው ሲመጣ በባልዲ፣ በበርሜል የምናጠራቅም ሰዎች ነን። በዚህ ውሃ አንቱሪየምን አመቱን ሙሉ ማርጠብ ይቻላል? ይቻል ይሆናል። ግን ለልጅ ገላ መታጠቢያ የሚሆነውን ውሃ ለሱ መስጠት ይገባል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ሙቀት ብቻ ሳይሆን ድርቅም ያለበት አገር የተወለዱ ተክሎችን ምረጡ። እንደነዚህ ያሉ ተክሎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም፣ አብሽሩ።

ከቡገንቪሊያ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ አንዱን ዘለላ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ያ ሐምራዊው፣ ቀዩ፣ ብርቱካናማው፣ እንደ ወረቀት የሳሳው ነገር አበባ አይደለም። ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። ሦስት ሦስት ሆኖ ይቀመጣል። ገለጥ ስታደርጉት መሀሉ ላይ ቀጫጭን ቱቦ የመሰሉ፣ ጫፋቸው ነጣ ያለ ነገሮች ታያላችሁ። እውነተኞቹ አበቦች እነሱ ናቸው። ባለቀለሙ ቅጠል ስስና ደረቅ ስለሆነ ቶሎ አይጠወልግም። ግንቦት ላይ ሌላው ሁሉ ሲያቀረቅር ቡገንቪሊያ ደምቆ የሚታየው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው «የኔ ቡገንቪሊያ ቅጠል ብቻ ሆነ፣ አላብብ አለኝ» ይለኛል። የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው። ውሃ አብዝተህበታል፣ ወይ ፍግ አብዝተህበታል፣ ወይ ጥላ ውስጥ ተክለኸዋል። ይህ ተክል ትንሽ ሲጠማ ነው የሚያብበው። የመጀመሪያውን አመት በደንብ አጠጡት፣ ሥር ይስደድ። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ትንሽ ዝልፍልፍ እስኪል ጠብቁ፣ ያኔ አንዴ በደንብ አጠጡትና ተዉት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ስጡት። ግቢያችሁ ዋልካ አፈር ከሆነ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታልና ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት። ቡገንቪሊያን እኛ አገር ከሚገድለው ጥም ይልቅ ነሐሴ ላይ የተኛ ውሃ ይበዛል።

ደሴ ያላችሁ ወገኖቼም ዛሬ እዚህ እንዳላችሁ አያለሁ። ከዚህ ወደ ደሴ ሽቅብ ስንወጣ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ነው የምንወጣው። አየሩ በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ደሴ ከኮምቦልቻ በአራት ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች። ከኅዳር እስከ ጥር የጦሳ ተራራ ሥር ውርጭ ለጋውን ቅጠል ያቃጥለዋል። ቡገንቪሊያ ደሴ ላይ ከፈለጋችሁ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ትከሉት። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል። ካልሆነ ግን ቀጋ አለላችሁ። ነጭ አበባ ያለው የገዛ አገራችን ጽጌረዳ ነው፣ ደጋውን ለምዷል።

ሁለተኛው ፖይንሴቲያ ነው። ገና ሲደርስ የሚቀላው፣ ሲቆረጥ ወተት የሚያወጣው ቁጥቋጦ። አገሩ ሜክሲኮ ነው፣ እዚያም ክረምትና በጋው እንደኛ የተለየ ነው። እሱም እንደ ቡገንቪሊያው የሚቀላው ቅጠሉ ነው። የሚገርመው ግን የሚቀላበት ምክንያት ነው። የሚቆጥረው ሌሊቱን ነው። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሌሊቱ ከቀኑ መርዘም ሲጀምር፣ ጨለማው በደንብ ሳይቋረጥ ሲያልፍለት፣ ያኔ ወደ ማበብ ይዞራል። የመንገድ መብራት ሥር የተተከለ ፖይንሴቲያ ካያችሁ ልብ ብላችሁ እዩት። መብራቱ የሚያርፍበት ጎኑ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር ጨለማው ጎን ይቀላል። ስለዚህ በረንዳችሁ አምፖል አጠገብ አትትከሉት። የምትቆርጡትም አበባው ካለቀ በኋላ፣ የካቲት መጋቢት ላይ ይሁን። መስከረም ካለፈ በኋላ መቀስ ያነሳበት ሰው የዚያን አመት ቀለም ቆርጦ ጣለው ማለት ነው።

ፍራንጊፓኒንም እወደዋለሁ። በጋ ላይ ቅጠሉን ያራግፍና ወፋፍራም ቅርንጫፉ ብቻ ይቀራል። ሞተ ብላችሁ አትንቀሉት። ግንዱ ውስጥ ውሃ አጠራቅሞ ዝናብ እየጠበቀ ነው። ከቅርንጫፍ ስትተክሉ ቆርጣችሁ ወዲያው አፈር ውስጥ አትክተቱት። ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል አስቀምጡት፣ ወተቱ ይድረቅ፣ ቁስሉ ይጠግግ። አለዚያ ይበሰብሳል።

ሂቢስከስ ግን ውሃ ይፈልጋል፣ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። አንዷ አበባ ብዙ ጊዜ የምትቆየው ለአንድ ቀን ነው፤ በየቀኑ አዲስ ለማውጣት ደግሞ ውሃ ይጠይቃል። የምትወዱት ከሆነ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ አጠገብ ትከሉት። ካናም እንደሱ ነው። የእጥበት ውሃ ይበቃቸዋል፣ በረኪና የገባበትን ግን እንዳትደፉባቸው።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። የውጭውን አበባ ስንፈልግ የራሳችንን እንረሳለን። በጋውን ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ በፊት የሚመልሱት እዚሁ የበቀሉት ናቸው።

አደስን ተመልከቱ። እናቶቻችን ከቅቤ ጋር ለፀጉር የሚያደርጉት፣ ቤቱን የሚያውድ። ቁጥቋጦ ነው፣ ቅጠሉ አመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ነጭ አበባ ያወጣል፣ ቅርጽ አስይዛችሁ ብትከረክሙትም እሺ ይላል። ውጭ አገር ይህንኑ ተክል ለአጥር ማሳመሪያ ይጠቀሙበታል። እኛ ጋ ከገበያ በእስር የሚገዛው ሰው በርካታ ነው። ለምን ከበራችን ግራና ቀኝ አይቆምም?

ሬትም አለ። ድንጋያማ፣ ምንም አይበቅልበትም ያላችሁት ጥግ ላይ አስቀምጡት። ደረቁ ወር ላይ ብርቱካናማ ቀይ አበባውን ቀጥ አድርጎ ያወጣል። ያኔ ሌላ አበባ ስለሌለ፣ ረዥም ጥምዝ ምንቃር ያላት ትንሿ አብረቅራቂ ወፍ ማሩን ፍለጋ ወደ ግቢያችሁ ትመጣለች። ክትክታም ሌላው ነው። ማገዶ ብቻ አድርገነዋል እንጂ ቀላ ያለው ባለክንፍ ፍሬው ሲያንጠለጥል ከብዙ የተገዛ አበባ ይበልጣል። የተራቆተ ተራራ ላይ የሚኖር ተክል ግቢያችሁ ውስጥ አይቸገርም።

ለአጥር ሰንሰልን የሚያህል የለም። ቁርጥራጩ ክረምት ላይ መሬት ከነካ ይጸድቃል፣ ነጭ አበባ አለው፣ ፍየልም ብዙ አትደፍረውም። ጤና አዳም ለቡናው፣ ጠጅ ሳር ለሻዩ፣ አሪቲ ለመዓዛው፤ እነዚህ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ይሁኑ፣ እጅ በቀላሉ ይድረስባቸው። ጤና አዳም የተኛ ውሃ አይወድም። ጠጅ ሳር ደግሞ ሲያረጅ መሀሉ ይደርቃል፤ ነቅላችሁ፣ ከፋፍላችሁ እንደገና ትከሉት፣ ለጎረቤትም ይተርፋል።

የማትተክሉትንም ልናገር። የወፍ ቆሎ ያማረ አበባ አለው፣ ድርቅም ይችላል፣ በጥያቄዬ ብቻ ብንሄድ ያልፋል። ግን ወፎች ፍሬውን በልተው ተራራውን ሁሉ ያዳርሱታል። ግጦሹን ይውጠዋል፣ የበላውን ከብት ይመርዛል። ከባቲ ወረድ ብላችሁ አፋር ስትገቡ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ግጦሹን ወርሮ ምን እንዳደረገ በዓይናችሁ አይታችኋል። እሱም በረሃ ያለማል ተብሎ በሰው እጅ የገባ ተክል ነበር። ድርቅ የሚችል እንግዳ ተክል ስታገኙ «ፍሬውን ማን ይበትነዋል?» ብላችሁ ጨምራችሁ ጠይቁ።

ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ኦሊያንደርን ተዉት። ቅጠሉ ረዥምና ቀጭን፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ የሆነው ነው። ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው። ደርቆ እንኳ ለከብት አይሆንም፣ እንጨቱም ለማገዶ አይሆንም፣ ጭሱም ይጎዳል። የዱራንታ አጥር ያላችሁም ቢጫ ፍሬው ለልጅ አፍ እንዳይደርስ ከርክሙት። ቅንጭብ ስትቆርጡ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋልና ፊታችሁን አዙሩ፣ ከጨረሳችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ስለ አተካከሉ ብዙ አልላችሁም። ጉድጓዱን አሁን ቆፍሩት። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መሬቱ በደንብ ሲርስ ትከሉ፤ ሥሩ የክረምቱን ዝናብ ሙሉውን እንዲጠቀምበት ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። ያደረ ፍግ እንጂ ትኩስ ፍግ አታድርጉ። ላስቲኩን ቅደዱት። ከነላስቲኩ ተቀብሮ ሁለት አመት ቆሞ የቀረ ችግኝ ነቅዬ አይቻለሁ፣ ሥሩ እዚያው ውስጥ ተጠምጥሞ ነበር። የቡገንቪሊያን ላስቲክ ስትቀዱ ግን አፈሩ እንዳይፈርስ በእጃችሁ ደግፉት፣ ሥሩ ሲነካካ አይወድም። ከተከላችሁ በኋላ እርጥበቱን የሚይዝ ነገር ዙሪያውን አልብሱት። ጭድ ጥሩ ነው። ከሚሴና ሐርቡ አካባቢ ምስጥ የሚያስቸግራችሁ ግን ጭዱን ትታችሁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሩበት።

በሩ አጠገብ በጆንያ የሰንሰል ቁርጥራጭና የተከፋፈለ ጠጅ ሳር አምጥቻለሁ። ዋጋ የለውም። እናቶች ቅድሚያ ይውሰዱ፣ ከዚያ ሌላው ሰው። ሰንሰሉን ዛሬ ማታ የማትተክሉት ከሆነ ጫፉን ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ስለ ግቢያችሁ አፈርና ፀሐይ የሚጠይቀኝ ካለ እስኪመሽ እዚሁ ነኝ።

አመሰግናለሁ።