የአውራ ጣት ቀለም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

የተከበራችሁ ቃዲዎች፣ ኢማሞች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ዛሬ የመጣሁት ስለ አንዲት ቃል ልነግራችሁ ነው። ፈቃድ ስለምትባለው።

ጠበቃ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት በር ላይ ተራ ስጠብቅ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። አውራ ጣታቸው ሰማያዊ ሆኗል። በሻሻቸው ጫፍ ይፈትጉታል፣ ቀለሙ አይለቅም። "ምን ላይ ፈረሙ እናቴ?" አልኳቸው። "መምጣቴን ነዋ ልጄ" አሉኝ። ወረቀቱን አየሁት። የውርስ ጉዳያቸው በሸሪዓ እንዲዳኝ መስማማታቸውን ነው የሚለው። ማንም አላነበበላቸውም።

እነዚህ ፍርድ ቤቶች በዋዛ የተገኙ አይደሉም። በ1934 እና በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ታወቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲመጣ ሕጋዊ መሠረታቸው አጠራጣሪ ሆነ፤ ቃዲዎቹ፣ ማለትም የሸሪዓ ዳኞቹ፣ ግን ሥራቸውን አላቆሙም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሙ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ወጣ፤ ክርስቲያን ወንድሞቹም አብረውት ወጡ። እኩልነት ነበር ጥያቄው። በ1987 ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በሩን ከፈተ፣ አዋጅ ቁጥር 188/1992 ደግሞ ሦስት እርከን ያለው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት አቆመ። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ወቅፍ (ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት)፣ ውርስ እዚያ ይታያል። ግን ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ!

እዚሁ አዋጅ ውስጥ ሁሌም የምትከነክነኝ ነገር አለች። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል። ታሞ ይሆን? ፈርቶ ይሆን? ማን ጠየቀው?

ይህን ስናገር አንዳንዱ "ዝምታዋ ፈቃዷ ነው" የሚለውን ሐዲስ ያነሳብኛል። ሐዲሱ አለ። ግን ስለ ልጃገረድ ኒካህ፣ ስለ ጋብቻ ውሏ ነው፤ ያውም ከተጠየቀች በኋላ ስላለው ዝምታ። ቡኻሪ በተባለው የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ኸንሳእ ቢንት ኺዛም አለች። አግብታ የምታውቅ ሴት ናት፤ አባቷ ሳትወድ ዳራት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄዳ አቤት አለች። ኒካሑን አፈረሱላት። አባቷ ስለፈቀደ እሷ ፈቅዳለች አላሉም።

ቃዲዎቻችን፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከቀለሙ በፊት ወረቀቱ ይነበብ። ኦሮምኛ ለሚናገሩት በኦሮምኛ፣ ስልጢኛ ለሚናገሩት በስልጢኛ። ባልና ወንድም ለትንሽ ጊዜ ውጭ ይጠብቁ። "መደበኛ ፍርድ ቤትም መሄድ ይችላሉ፣ የቱ ይሻልዎታል?" ተብለው ይጠየቁ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እኔ ራሴ ውርሴ በሸሪዓ እንዲከፋፈል የምፈልግ ሰው ነኝ። እኚያ እናትም እንደዚያው ነበሩ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ስነግራቸው ጣታቸውን መፈተግ ተዉ። "ሸሪዓውንማ እወደዋለሁ" አሉኝ። "ቢጠይቁኝ እኮ እሺ እላቸው ነበር።"

ወሰላሙ ዐለይኩም።