ኤል ፋሸር ስትከበብ ዓለም ያውቅ ነበር

ክቡራትና ክቡራን፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

በዚህ አዳራሽ ውስጥ በሱዳን የምትገኘውን የሰሜን ዳርፉርን ርዕሰ ከተማ ኤል ፋሸርን በአካል የምታውቋት እንዳላችሁ አምናለሁ። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ጥምር የሰላም አስከባሪ ኃይል ዋና መምሪያ እዚያ ነበር፤ የኢትዮጵያ ወታደሮችም በዳርፉር ዘብ ቆመዋል። ተልዕኮው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አበቃ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 2015፣ የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል (RSF) የተባለው ታጣቂ ኃይል ካርቱም ላይ ተታኮሱ። ጦርነቱ ዳርፉር ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጀኒና፣ ኒያላና ዛሊንጌ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ገቡ። ከዋና ዋናዎቹ ከተሞች ኤል ፋሸር ብቻ ስትቀር፣ ከየቦታው የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ እሷ ጎረፈ።

በግንቦት 2016 ዙሪያዋ ተዘጋ።

ከበባ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን መድፍ ነው። መድፉም ድሮኑም ነበር፤ ሰው በየግቢው ጉድጓድ እየቆፈረ ይጠለል ነበር። እኔ ግን ስለ ምግቡ ልንገራችሁ። እህል ከገበያ ሲጠፋ ሕዝቡ ወደ አምባዝ ዞረ። አምባዝ ማለት ፋጉሎ ነው፤ ኦቾሎኒ ዘይቱ ተጨምቆ ካለቀ በኋላ የሚቀረው፣ ለከብት የሚሰጠው። እናቶች እሱን አብስለው ልጆቻቸውን አበሉ። የሠፈር ወጣቶች ያቋቋሟቸው የጋራ ማዕድ ቤቶችም ሌላው ሁሉ ሲያልቅባቸው ያንኑ አደሉ። ቆይቶ እሱም ጠፋ። በከተማዋ ሳዑዲ በተባለው ሆስፒታል ሐኪሞቹ ጎዝ ሲያልቅባቸው አጎበር እየቀደዱ ቁስል ይሸፍኑ ነበር። በዚህ ጦርነት ውስጥ ክብር የሚገባው ሰው ካለ እነዚህ ሐኪሞችና እነዚያ ወጣቶች ናቸው፤ ጄኔራሎቹ አይደሉም።

ይህ ሁሉ የሆነው በአደባባይ ነው፤ ቁጣዬም ከዚህ ይነሣል። ሰኔ 6 ቀን 2016 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2736 ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ከበባውን እንዲያቆም ጠየቀ። 14 አባላት ደገፉ፣ ሩሲያ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች፣ የተቃወመ አልነበረም። ሁለት ወር ሳይሞላ ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው የዘምዘም መጠለያ ረኀብ መግባቱ ተረጋገጠ። በሚያዝያ 2017 ዘምዘም ራሱ ተወረረ፤ ክሊኒክ ውስጥ የነበሩ 9 የሪሊፍ ኢንተርናሽናል ሠራተኞች ተገደሉ። በዚያው ክረምት ደግሞ ከተማዋን የሚከብብ የአፈር ግድብ በሳተላይት ታየ፤ በነሐሴ ርዝመቱ ከ31 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። ውስጡ 260 ሺህ ያህል ሲቪሎች ነበሩ፤ ግማሾቹ ሕፃናት። ግድቡ ሲቆለል እያንዳንዷ ኪሎ ሜትር በምስል ትታይ ነበር። በዳርፉር ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ አለ፤ ድሮኖቹ ግን ገቡ።

ጥቅምት 16 ቀን 2018 ከተማዋ ተያዘች። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ሳዑዲ ሆስፒታል ከ460 በላይ ሕሙማንና አስታማሚዎች ተገደሉ የሚል ሪፖርት እንደደረሰው አስታወቀ። ማምለጥ የቻለው በስተምዕራብ ወዳለችው ጣዊላ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፣ ብዙው በእግሩ። መንገድ ላይ ወንዶቹ እየተለዩ ተወሰዱ፤ ቤተሰብ ለማስለቀቂያ ገንዘብ የተጠየቀባቸው ብዙ ናቸው።

የሱዳን ጦርም ንጹሕ አይደለም፤ አውሮፕላኖቹ በዳርፉር ገበያ መትተዋል። ይህ ግን ሕዝብን በረኀብ የቀጣውን ወገን ተጠያቂነት በአንዲት ሰበዝ አያቀልለትም።

የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በዚህችው በአዲስ አበባ ነው። ወደዚያ ስብሰባ የምትገቡ፣ የምትዘግቡም፣ እዚህ አላችሁ። የሐዘን መግለጫ አንጠይቃችሁም። ወደ ጣዊላ የሚሄደው እርዳታ ያለ እንቅፋት እንዲያልፍ፣ የታገቱት እንዲለቀቁ፣ መርማሪዎች ኤል ፋሸር እንዲገቡ፣ መሣሪያ የላከ ሁሉ በስሙ ተጠርቶ እንዲጠየቅ አጀንዳ አስይዙልን። ጥቅምት ሳያልቅ ረኀብ መኖሩ የተረጋገጠው በኤል ፋሸር ብቻ አልነበረም፤ በደቡብ ኮርዶፋኗ ካዱግሊም ነው። እሷም መንገዷ የተዘጋባት ከተማ ነበረች።

አመሰግናለሁ።