የፓርኪንሰን ኪኒን፣ ሽሮና የጾም ሰዓት

[ምስል፦ ፒያሳ፣ ጎንደር። አንድ አባት በአጭር በአጭሩ እየረገጡ ያልፋሉ።]

ጤና ይስጥልን። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ያጠረ አዛውንት ስናይ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። ፓርኪንሰን ግን ራሱን የቻለ የአንጎል ሕመም ነው፤ እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት የለም። ምልክቱን የሚያስታግስ ግን አለ።

ዋናው ሌቮዶፓ ነው፤ አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። አብሮት በአንድ ኪኒን ያለው ካርቢዶፓ ደግሞ አንጎል ሳይደርስ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል፣ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል።

[ምስል፦ ገበታ ላይ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፤ ከጎኑ ኪኒን።]

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ፕሮቲን ሌቮዶፓን ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል እንዳያልፍ ይሻማዋል። ፕሮቲን ሲባል ሥጋና እንቁላል ብቻ ይመስለናል፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ባቄላውም ፕሮቲን ነው። «መድኃኒቱ አልሠራላቸውም» ከማለታችን በፊት ከምን ጋር እንደዋጡት እንጠይቅ። ኪኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይወሰድ። ባዶ ሆድ ካቅለሸለሻቸው ቁራሽ ዳቦ ይበቃል።

በጾም እስከ 9 ሰዓት ኪኒኑን የሚያቆዩ እናት ግማሽ ቀን ሰውነታቸው ተሳስሮ ይውላል። እባካችሁ ሐኪሙንም የንስሐ አባታቸውንም አማክሩላቸው።

ዓመታት ሲያልፉ የኪኒኑ ኃይል ቀጣዩ ሰዓት ሳይደርስ ሊያልቅ፣ ሰውነትም ያለፈቃድ ሊወዛወዝ ይችላል። ያኔ ሐኪሙ መጠኑን ከፋፍሎ ያቀራርበዋል፤ ለመወዛወዙ አማንታዲን የተባለ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል።

ትራይሄክሲፌኒዲል የተባለው ሌላ መድኃኒት መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፤ ለአረጋውያን ግን እኔ እፈራዋለሁ፤ ያስረሳል፣ ያቃዣል፣ ሽንት ይይዛል። ሌላው የፓርኪንሰን መድኃኒት ፕራሚፔክሶል ድንገተኛ እንቅልፍ፣ አንዳንዴም የቁማር ሱስ ሊያመጣ ይችላል። ሕመምተኛው አፍሮ ላይናገር ስለሚችል ቤተሰብ ነቅቶ ይከታተል።

[ምስል፦ የመድኃኒት ቤት መስኮት።]

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። ማስታወክን ለማስቆም በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ሜቶክሎፕራሚድ የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግድ ፓርኪንሰንን ያባብሳል። ማንኛውንም መድኃኒት ስትገዙ «ፓርኪንሰን አለባቸው» በሉ።

ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ኃይለኛ ትኩሳትና መላ ሰውነት መገተር ሊያመጣ ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። አባታችሁን ጸበል ስትወስዱ ኪኒኑ አብሮ ይሂድ። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረውም ግዙ።