ማሰሪያችሁ ላይ የሰው ጀልባ ታስሮ ብታገኙት

[ምስል፦ ምሽት። ውሃ ላይ ተራርቀው የታሰሩ ጀልባዎች።]

ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ውላችሁ ወደ ቦታችሁ እየተመለሳችሁ ነው። መሽቷል። ነፋሱም እየበረታ ነው። ጠጋ ስትሉ የናንተው ተንሳፋፊ ኳስ ላይ የማታውቁት ጀልባ ታስሯል። ፈቃድ ያወጣችሁበት፣ በየዓመቱ የምትከፍሉበት፣ ሰንሰለቱን በራሳችሁ ወጪ ያስጣላችሁበት ቦታ ነው። ሰውዬው ደግሞ ከውስጥ መብራቱን አብርቶ ዘና ብሎ እራቱን እየበላ ነው።

ደም ያፈላል። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ማስነሳት እንደሚቻል እናያለን። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ገመዱን አትፍቱ። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ፣ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ታሪክ አለ። እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ማሰሪያው ራሱ እናውራ፤ ክርክሩን የምታሸንፉት እሱን ስታውቁ ነውና።

[ምስል፦ ከውሃ በታች ያለውን የሚያሳይ ሥዕል።]

ላይ የሚታየው ኳሱ ብቻ ነው። ዋናው ነገር ያለው ታች ነው። ውሃው ወለል ላይ ከባድ ነገር ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የኮንክሪት ብሎክ ነው፤ አንዳንዴም ጭቃ ውስጥ የሚቀበር፣ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ብረት። ከሱ ወፍራም ሰንሰለት ተነስቶ ኳሱ ጋ ይደርሳል። ከኳሱ ደግሞ ጀልባው አፍንጫ ላይ የሚታሰረው ገመድ ይወጣል። ጀልባው የተያዘው በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ነፋሱና የውሃው ፍሰት ወደወሰዱት ይዞራል። ስለዚህ ማሰሪያ ሁሉ ዙሪያውን ባዶ ክብ ይፈልጋል። የክቡን ስፋት የሚወስነው የሰንሰለቱ፣ የገመዱና የጀልባው ርዝመት ነው። ትንሽ ጀልባ በነበረበት ቦታ ረጅም ጀልባ ሲታሰር ክቡ ይሰፋና ከጎረቤት ጀልባ ጋር ይጋጫል።

ክብደቱም አለ። ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉን ያጣል። የ1 ቶን ብሎክ ታች ሲደርስ እንደ 600 ኪሎ ነው የሚሆነው። ነፋስ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ማሰሪያ የሚጣለው ይህ ሁሉ ለአንድ ጀልባ ልክ ታስቦ ነው። ለ4 ቶን ጀልባ በተጣለው ላይ 12 ቶን የሚመዝን መጥቶ ቢታሰር፣ አየሩ ጸጥ ሲል ምንም አይታይም። ነፋስ ሲነሳ ግን ብሎኩን እየጎተተ ይሄዳል፤ ወይም ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ባዶ የመኪና ማቆሚያ እንደመያዝ አይደለም። መኪና ቢከብድም አስፋልቱን ይዞ አይሄድም።

ይህን የማነሳው ለወሬ አይደለም። «ቦታው የኔ ነው» ስትሉት አብዛኛው ሰው ይከራከራል። «ማሰሪያው የርስዎን ጀልባ አይችልም፤ ሌሊት ነፋስ ከተነሳ ይዞዎት ይሄዳል» ስትሉት ግን ሞተሩን ያስነሳል። ስለናንተ መብት ግድ የሌለው ሰው እንኳ ስለ ራሱ ጀልባ ግድ አለው።

[ምስል፦ የፈቃድ ወረቀት፣ የኳሱ ቁጥር በቅርበት።]

መብት ካልን ግን፣ «የኔ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ውሃው የናንተ አይደለም። ታች ያለው መሬትም አብዛኛውን ጊዜ የናንተ አይደለም። ለምሳሌ በእንግሊዝ እስከ 12 የባህር ማይል ድረስ ያለው የባህር ወለል ከሞላ ጎደል ሁሉም የዘውዱ ንብረት ነው፤ የሚያስተዳድረው ክራውን ኢስቴት የሚባለው ተቋም ነው። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣ የወንዞችና የወደቦች ሕግ አለ። መርከብ በሚሄድበት ውሃ ላይ ማንም ያለ ፈቃድ ነገር እንዳይተክል ይከለክላል። እናንተ ያላችሁ ሰንሰለቱና ብሎኩ፣ እንዲሁም እዚያ እንድታስቀምጧቸው የተሰጣችሁ ፈቃድ ነው።

ይህ ማለት ግን ውሃው የሁሉም ስለሆነ ማንም መጥቶ ይታሰር ማለት አይደለም። የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን የሚመለከት ጉዳይ አይቷል። አንድ ሰው ሌላው በይዞታው ባቆየው የውሃ ቦይ ውስጥ ቋሚ ማሰሪያ ጥሎ «በውሃ ላይ የመሄድ መብት አለኝ» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ የመሄድ መብት ማለፍንና ለጊዜው መልህቅ መጣልን እንጂ ቋሚ ማሰሪያ መትከልን አይጨምርም አለ። ልዩነቱን ያዙት። ሰውዬው በራሱ መልህቅ አጠገባችሁ ቢያድር ብዙ ጊዜ መብቱ ነው፤ የሚያስጠይቀው የናንተን ዕቃ ሲጠቀም ነው።

አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ግን የራሳችሁን ወረቀት አንብቡ። ጊዜው አልፎ ይሆን? ፈቃዱ የተጻፈው አሁን በያዛችሁት ጀልባ ስም ነው ወይስ በሸጣችሁት? ብዙ ቦታ ፈቃድ ለአንድ ጀልባ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለሌላ ማስተላለፍም አይቻልም። አንዳንድ ፈቃድ ላይ ደግሞ እናንተ በሌላችሁ ጊዜ የወደብ ኃላፊው ሌላ ጀልባ ሊያሳድርበት እንደሚችል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ያን ጊዜ ዓይን አውጣ ያላችሁት ሰው ደረሰኝ አውጥቶ ቢያሳያችሁ የምታፍሩት እናንተ ናችሁ።

[ምስል፦ ጀልባ በዝግታ ወደ ታሰረው ጀልባ ሲጠጋ።]

ወደዚያ ምሽት እንመለስ። ቀስ ብላችሁ ጠጉ። ድምፃችሁን አሰሙ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሹ? ይህ ማሰሪያ የኛ ነው፤ የተጣለው ለ4 ቶን ጀልባ ነው። የርስዎ ስንት ይመዝናል?» በቃ። ጥያቄ ስትጠይቁት ለመልስ ያስባል፤ ስትሰድቡት ለጠብ ይነሳል። አብዛኛው ሰው ሳያውቅ የታሰረ፣ ወይ ደክሞት ባዶ ያየውን የያዘ ነው። ይቅርታ ብሎ ይነሳል። ወዴት መሄድ እንደሚችል ብትጠቁሙት ደግሞ ቶሎ ይነሳል፤ በጨለማ ቦታ ለማያውቅ ሰው «ሂድ» ብቻ ከባድ ነው።

ድምፅ የማይደርስ ከሆነ በሬዲዮ ጥሩት። ቻናል 16 መጥሪያና የአደጋ ጊዜ ቻናል ነው። የጀልባውን ስም ጠርታችሁ ወደ ሌላ ቻናል ውሰዱት። ቻናል 16 ላይ ቆሞ መጨቃጨቅ ነውር ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው መስመሩን ሊፈልገው ይችላል።

ወይ ፍንክች ካለስ? በንዴት እዚያው ኳስ ላይ አትታሰሩ። አንድ ጀልባ የሚከብደው ሰንሰለት ሁለት አይችልም። ሳይፈቅድላችሁ ጀልባው ጎን ላይም አትለጠፉ። መልህቅ ጣሉ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ሂዱ፤ ከከፈላችሁ ደረሰኙን ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፦ የጀልባው ስምና የምዝገባ ቁጥር፣ የኳሱ ቁጥር፣ ገመዱ የታሰረበት። ስልካችሁ ሰዓቱንና ቦታውን ይመዘግብላችኋል።

[ምስል፦ ማዕበል። የድሮ ሸራ ጀልባ።]

አሁን ወደዚያ ታሪክ። ኅዳር ወር፣ እ.ኤ.አ. 1904። ቦታው አሜሪካ፣ ሻምፕሌን ሐይቅ ነው። አንድ አባወራ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ በሸራ ጀልባ እየሄደ ድንገት ማዕበል ተነሳባቸው። አቅራቢያቸው በነበረች ደሴት ዳርቻ የግል የጀልባ ማቆሚያ መድረክ አዩና ታሰሩ። የደሴቲቱ ባለቤት ሠራተኛ መጣና ገመዱን ፈታው። ማዕበሉ ጀልባውን ዳርቻ ላይ ፈጠፈጠው። ጀልባውና ዕቃው ወደመ፤ ሰዎቹም ተጎዱ። ቤተሰቡ ከሰሰ። የቨርሞንት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 የሰጠው ውሳኔ ዛሬም የሕግ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይነበባል፦ ነፍስና ንብረት ለማዳን ሲባል በሰው መድረክ መታሰር ጥፋት አይደለም፤ የሚያስጠይቀው መፍታቱ ነው።

ታዲያ ማዕበል ያመጣው ሰው እንደፈለገ ይሁን ማለት ነው? አይደለም። ከዚያ ማዕበል በኋላ በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ሬይኖልድስ የሚባል የእንፋሎት መርከብ ዱሉት በተባለው ወደብ ጭነቱን አራግፎ ሊወጣ ሲል ከባድ ነፋስ ተነሳ። መውጣት አልተቻለም። ሠራተኞቹ ገመድ ባለቀ ቁጥር እየቀየሩ መርከቡን መድረኩ ላይ አጥብቀው ያዙት። መርከቡ እየተንገጫገጨ መድረኩን ጎዳው። የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1910 እንዲህ አለ፦ መቆየታቸው ትክክል ነበር፤ ግን ራሳቸውን ያዳኑት በሰው ንብረት ነውና ይክፈሉ። የተፈረደው 500 ዶላር ነበር።

ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በችግር የመጣን ሰው አታባርሩትም፤ ለሰበረው ግን ታስከፍሉታላችሁ። ችግሩም ማለቂያ አለው። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ሦስት ቀን ተጋድሞ «ነፋሱን ፈርቼ ነው» የሚል ሰው ተረት እያወራ ነው። እነዚህ የአሜሪካ ፍርዶች ናቸው፤ ሌላ አገር ሌላ ሕግ አለ። በየትኛውም አገር ግን፣ ገመድ ፈታችሁ የለቀቃችሁት ጀልባ ሄዶ ሌላ ቢመታ ዳኛው የሚጠይቀው እናንተን መሆኑ ግልጽ ነው። ከማዕበል ውጭም ቢሆን ያው ነው። መጎተት፣ ላዩ ላይ መውጣት፣ በሰንሰለት መቆለፍ ሁሉ አጉል ጀግንነት ነው። ከሳሽ የነበራችሁት ተከሳሽ ሆናችሁ ቁጭ ትላላችሁ።

[ምስል፦ ሰው የሌለበት ጀልባ፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት።]

ጀልባው ባዶ ከሆነስ? ማስታወሻ ጽፋችሁ፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ በሚታይበት ቦታ እሰሩ። አጭር ይሁን። ማሰሪያው የማን እንደሆነ፣ ስንት ቶን እንደሚችል፣ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንዲነሳ፣ በየትኛው ስልክ እንደሚደውል። ስድብ አይግባበት፤ ነገሩ ከከረረ ያ ወረቀት ማስረጃ ነው።

ከዚያ የወደብ ኃላፊው ጋ ሂዱ። ብዙ ሰው እዚህ መድረስ ያለበት መጀመሪያ ነበር፤ ግን በቁጣ ብዛት መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ኃላፊው እናንተ የሌላችሁ ሥልጣን አለው። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1847 የወጣው የወደቦች ሕግ፣ ተፈጻሚ በሆነበት ወደብ ሁሉ፣ ጀልባ የት እንደሚታሰርና መቼ እንደሚነሳ የወደብ ኃላፊው እንዲያዝ ያስችለዋል። ባለቤቱ ካልታዘዘም ኃላፊው ራሱ አስነስቶ ወጪውን ይጠይቀዋል። እናንተ ብታደርጉት ጥፋት የሚሆነው እሱ ሲያደርገው ሥራ ነው። የምዝገባ ቁጥሩን ፎቶ ስለሰጣችሁት የባለቤቱን አድራሻ ለማግኘትም አይቸገርም። ማሰሪያው በክበብ ወይም በግል ድርጅት ሥር ከሆነ ለነሱ ንገሩ፤ ለናንተ ቦታ ያከራዩት እነሱ ናቸው፤ ቦታውን ማስረከብም የነሱ ግዴታ ነው።

አስቸጋሪው ለሳምንታት የሚቀመጠው ነው። አንዳንዱ «ከእገሌ ገዝቼዋለሁ» ይላል። እገሌ የራሱ ያልሆነውን ሸጦለት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱን ያሳያችሁ። ለዚህ ዓይነቱ ቀን ያለው፣ መድረሱ የሚረጋገጥ ደብዳቤ ላኩ፦ ይህን ቀን እንዲነሳ፣ ካልተነሳ የማረፊያ ወጪያችሁን እንደምትጠይቁት። ያስቀመጣችሁት ደረሰኝ እዚህ ላይ ይሠራል። ካልሰማ ጠበቃ ነው።

[ምስል፦ ኳስ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ።]

ስለ መከላከሉ ብዙ አልልም። ኳሱ ላይ በትልቁ «የግል» ብላችሁ የፈቃድ ቁጥሩንና የሚችለውን ክብደት ጻፉ። ቁጥር የሌለው ኳስ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ለአጭር ጊዜ ስትወጡ ትንሿን መቅዘፊያ ጀልባ ኳሱ ላይ አስራችሁ ሂዱ፤ የባህር ሰው ሲያያት ባለቤቱ ተመላሽ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። ለረጅም ጊዜ ስትሄዱ ለጎረቤትና ለወደብ ኃላፊው የምትመለሱበትን ቀን ተናገሩ። ሌላ እንዳይታሰርበት ብለው ከኳሱ የሚወጣውን የጀልባ ማሰሪያ ገመድ ነቅለው የሚሄዱ አሉ። እኔ አልወደውም። በነፋስ፣ በጨለማ ተመልሰው ገመድ ፍለጋ ውሃ ላይ የሚንጠለጠሉት ራሳቸው ናቸው።

ሰውዬው ከተነሳ በኋላም ወዲያው አትታሰሩ። በተለይ ጀልባው ከናንተ የከበደ ከነበረ፣ ወይም እሱ እያለ ነፋስ ከነበረ። ሰንሰለቱንና ማያያዣ ብረቶቹን አስመርምሩ። ኳሱ ከቀድሞ ቦታው ተንቀሳቅሶ እንደሆነ በጂፒኤስ አረጋግጡ። ተንቀሳቅሶ ከሆነ ብሎኩ ተጎትቷል ማለት ነው፤ ጠላቂ ወርዶ ያየዋል። የጠላቂውን ክፍያ ደብዳቤው ላይ ጨምሩት።